በርበሬው ነው ወይስ ደራሲው

እሑድ ከሰዓት ነው፥ ሱቁ ሲዘጋጋ፥
ቡሬ፥ ከይስማው ቤት፥ ከበርበሬው አልጋ፥
አምስት ሰዎች ሆነን፥ ጆንያ ተደግፈን፥
አንዲት መጽሐፍ ይዘን፥ ሽፋኗን ለጥፈን፥
እንሟገታለን።

ይስማው ነጋዴ ነው፤ ወፍራም ነው 'ሚወደው፤
"ደራሲ ማለት" ይላል "ሚዛን 'ሚያስወርደው!
ክረምቱን በሙሉ የሚያዘልቅ ጥራዝ፥
እንደ ፍልጥ ተቆልሎ ምሽቱን የሚያግዝ።"

ምንይችል ሾፌር ነው፥ የአይሱዙ ጌታ፥
ከኬላ እስከ ኬላ የሚያነብ በፋታ።
"እኔስ አጭር" ይላል፥ "አጭር ነው የምሻ፥
የኬላው ገመድ ሲወርድ ያለው መጨረሻ።"

አትጠገብ ነርስ ናት፤ ከኋላ ጀምራ፥
ማን እንደሞተ አይታ ትመጣለች በተራ።
"ዋርድ ውስጥ ማን እንደሚተርፍ አስቀድሜ አላውቅም፤
መጽሐፍ ላይስ?" ትላለች፤ "እዚህስ አልጠብቅም!"

ስማቸው መምህር ነው፤ ቅኔ ቤት ያደገ፥
አኩፋዳውን ትቶ ጠመኔ ያደረገ።
ከጆሮው ላይ እርሳስ፥ ትርፍ ቃል የሚቀጣ፤
"ጎበዝ ነው" ይላል "ግን ላንድ ጎጆ ሁለት በር አወጣ።"

እኔ? ፖስታ ቤት ነው፥ ማኅተም መቺ ነኝ፤
ትናንት ያነበብኩት ዛሬ የሚበልጥብኝ።

መጽሐፏ ግን ጣጣ አላት፤ ክረምቱን ከርማለች
ከይስማው ጆንያ ላይ፤ በርበሬ ጠጥታለች።
ገና ስንገልጣት ማንጠስ ነው በተራ፥
"ይማርህ"፥ "ያኑርህ" ነው የእኛ ግማሽ ሥራ።
መቶ አሥራ ሁለት ላይ፥ ልጁ ከቀብር ሲቀር፥
ዓይኑን የማይጠርግ የለም፥ ሾፌሩም ሳይቀር።
ሙግታችን ይሄ ነው፥ ዓመቱን የጨረሰው፦
ደራሲው ነው ወይስ በርበሬው ያስለቀሰው?
ስማቸው "በርበሬው!"፤ አትጠገብ "ደራሲው!"፤
ምንይችል "ሁለቱም"፤ ይስማው ደግሞ ኮርቶ፥
"ያውም የኔ በርበሬ!" ይላል ደረት ነፍቶ።

አንጓች ጥግ ላይ ሆና ዛላ ትቀነጥሳለች፤
እሑድም አታርፍም፤ ዝም ብላ ትሰማለች።
አንድ ቀን ይስማው፥ ሲቀልድ መሰለኝ፥
"አንቺስ ደራሲሽ ማነው? እስቲ አንዱን ንገሪኝ።"

ጣቷን ጠራረገች፥ ተነሣች ቀስ ብላ፤
"ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት፥ ከጃንጥላው ጥላ፥
ማመልከቻ ጸሐፊው።"
ሳቅን።
እሷ አልሳቀችም።

"ባሌ ሞቶ፥ ወንድሙ መሬቴን ሲያርሰው፥
እያለቀስኩ ሄጄ ነገርኩት ለዚያ ሰው።
ስለ ድንበር አልጠየቀም፥ ስለ ደብተር አልጠየቀም፤
ብዕሩን ይዞ ሰማኝ፥ አንድም ቃል አልጻፈም።
ከዚያ 'የበሬሽ ስም' አለኝ 'ማን ነበር?'
'ወይኖ' አልኩት። ጻፈው፥ እዚያው መሃል ከነገር።
ዳኛው ሲያነብ ሲያነብ፥ ከወይኖ ስም ሲደርስ፥
ቆመ። መነጽሩን አወለቀ፥ ዓይኑን ሊያብስ።
እዚያ ቤት" አለች "በርበሬ የለም።"

ማንም ትንፍሽ አላለም።
ቆይቶ ምንይችል፦ "ታዲያ ፈረደልሽ?"
"ቀጠሮ ሰጠኝ።"
"ስሙስ ማን ይባላል፥ የጸሐፊሽ?"
"እንጃ። ከታች ያለው የእኔ አውራ ጣት ነው።
ማታ ትምህርት የገባሁትም
ያቺን ወረቀት ራሴ ላነባት ብዬ ነው።"

በሳምንቱ አመጣቻት፥ በፌስታል ጠቅልላ፥
አራት ላይ የታጠፈች፥ ጠርዟ የተበላ።
ስማቸው ተቀበለ። አንዴ አነበበ።
ደገመ። እርሳሱን ከጆሮው ሳበና፥
አየው፥ አየው፥ መልሶ ሰካው።
አንድ ቃል አልሰረዘም።

ተራው ለእኔ ደረሰ። ወይኖ ላይ ስደርስ
ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።
"በርበሬው ነው" አልኩ።

"ይማርህ" አለችኝ አንጓች።
አላነጠስኩም ነበር።