ገርበብ ያለ በር

አምስት ፎቅ በእግሩ ወጣ፣ ሊፍቱ ደህና ሳለ፤
ዚግፍሪድ፣ የሲሌዥያ ከሰል ቆፋሪ፣ ደጄ ላይ ቆም አለ፤
ኮፍያውን በሁለት እጁ፣ እንደ ሞላ ሳህን፣ ደረቱ ላይ ይዞ
ዓይኑ ጣሪያዬን ይመዝናል፣ ከመስኮት ወደ በር ተጉዞ።

“የቱ ወንበር ይሻልሃል? በሩስ፣ ይዘጋ ወይስ ይከፈት?”
ሳቀ፤ ሳቁ አቧራ ነበረበት።
“ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ደወል ሲጮህ ወረድሁ፤
ምን ትወዳለህ ተብዬ ዛሬ ገና ተጠየቅሁ።”

በሩን ገርበብ አደረግነው። ከበሩ ጎን ተቀመጠ፤
የሐኪሙን ወረቀት ከእኔ ቀድሞ ገላመጠ።
ወረቀቱ ያውቃል፦ ስምንት መቶ ሜትር፣ አራት ቀን፣ አራት ሌሊት፤
ሦስት ሰው የተቀበረበት፣ አንድ ሰው የወጣበት።
ወረቀቱ ያውቃል፦ እንቅልፍ የለም፣ ቁጣ አለ፣ መጠጥ።
አጥፌ መሳቢያ ከተትኩት፤ እዚያ ያልተጻፈውን ልጠይቅ፦
ዛሬ ምን በላህ? ጀርባህን የቱ ጋ ያምሃል?
ኤልፍሪዳ በሌሊት ስትነካህ፣ ገና ሳትደነግጥ፣ ሰውነትህ ምን ይልሃል?

ሁለት ሳምንት ዝም አለ። እኔም አልቆፈርኩ፤
ድጋፍ ሳይቆምለት የተቆፈረ ዋሻ ማንን እንደሚበላ ከእሱ ሙያ ተማርኩ።

በሦስተኛው ግን ሳትኩ።
ለስንቱ ሰው የበጀውን አመጣሁ፦
“እግርህ ወለሉ ላይ ይረፍ። ቀስ ብለህ ተንፍስ።
ተሰማህ? መሬት ይዞሃል። አይለቅህም።”

ፊቱ ኖራ መሰለ። እጁ ወገቡን ዳበሰ፣ የሌለ መብራት ፍለጋ።
“ይዞኝ ያውቃል” አለ።
“አራት ቀን፣ አራት ሌሊት። አይለቅም፤ እውነትሽን ነው።”

ያዘ፦ በእኔ አፍ እቅፍ፣ በእሱ ጆሮ ወጥመድ፤
ቃሉ አንድ ነው፣ ሁለት ጉድጓድ።

“ይቅርታ” አልኩት። ስለ ዘዴዬ አልተሟገትኩም።
ኮፍያውን ረስቶ ሄደ። እኔም በዚያ ሌሊት አልተኛሁም።

ሐሙስ ተመለሰ፤ ለኮፍያው ነው የመጣሁት አለ።
“መሬት ካልሆነ፣ አየር የሚበቃህ የት ነው?”
ዓይኑ ወደ ላይ ወጣ።
“ጣሪያ ላይ። እርግቦቼ ጋ።”

አለቃዬን አስፈቅጄ፣ በእሱ መሰላል ወጣሁ።
ከፍታ እፈራለሁ፤ ነገርኩት።
“ቀስ በዪ፤ መደገፊያው ይኸውልሽ፤
መውረድ ባሰኘሽ ሰዓት እንወርዳለን።”
ከቀይ ጡብ ቤቶቹ በላይ፣ መሽከርከር ከተወው
ከጉድጓዱ መንኮራኩር በላይ፣
አንዲት ግራጫ እርግብ መዳፌ ላይ አኖረ።
“አትጭመቂያት፤ አትልቀቂያትም።
ልቧ ሲሮጥ እጅሽ ይረጋጋ። እጅሽ ሲረጋ እሷም…”
አልጨረሰውም። ትንፋሹ ግን ወርዶ ሆዱ ደርሶ ነበር፤
ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ሁለት ወር ጠጣ። ቀጥ ያለ መንገድ አልነበረም።
አንድ ጠዋት ኤልፍሪዳ ደውላ
“ስድስት ሰዓት ተኛ” አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

በኅዳር፣ ሳልጠይቀው፣ ጣቱ የወንበሩን ክንድ መታ፤
ሦስት ጊዜ። ዝምታ። ሦስት ጊዜ።
“አሎይዚ” አለ። “ከቧንቧው ወዲያ።
በሦስተኛው ቀን መመለሱን ተወ።”
ትከሻው ተንቀጠቀጠ፤ እንዲንቀጠቀጥ ተውነው።
ሰዓቱ አለቀ። የቀረው እዚያው ታች ነው፤
አላወጣነውም፤ የት እንዳለ ግን አወቅን።

ዛሬ የቅድስት በርባራ ቀን ነው። ቆፋሪዎቹ ላባ በሰኩ ጥቁር ቆቦች
መለከት እየነፉ በመስኮቴ ሥር ያልፋሉ፤
የበረዶ ንፋስ በኮሪደሩ ይገባል።
ዚግፍሪድ ተነሣ፣ ወደ በሩ ሄደ።
ትንፋሼን ያዝኩ።
ሳበው፣ ሳበው፣ አንድ ጣት ሲቀረው ተወው።

“በርዶሻል” አለ። “ቅድም አይቼሻለሁ።”