ፖ.ሣ.ቁ. ፮፻፲፫

ከራስ መኮንን ድልድይ ዝቅ ብሎ፣ እሪ በከንቱ አፋፍ ላይ፣
ቀን ቀን ፑል ቤት ነው፤ ሐሙስ ማታ የኛ ሰማይ።
ሠላሳ አራት ወንበር፣ ያም አንዱ እግሩ የተሰበረ፣
አንድ አምፖል፣ በቀይ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ በሙቀቱ የጠቆረ።

እኔ ክር ሳቢ ነኝ። ሙያዬ አለመታየት፤
ከጥቁሩ ጨርቅ ጀርባ
ሳሌን እንደ ክኒን ውጬ በጉልበቴ መሰንበት።

ልሳኑ ዘርጋው ቀን የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነው፣
ታክሲ ላይ መልሱን መጠየቅ የሚያፍር፣ ድምፀ ለስላሳ ሰው።
ያን ካኪ ካፖርት ሲደርብ ግን፣ አንድ ቁልፍ የጎደለውን፣
ትከሻው ይወርዳል፣ ግራ እግሩ ይጎተታል፣
በስሙ ልጠራው እፈራለሁ እሱን።

«ባሻ ድንበሩ ነኝ» ይላል። «ፖስተኛ።
እኔ ከሞትኩ ቆየሁ፤ ቦርሳዬ ግን አልተኛ።»

ተረት ተረት ብሎ አይጀምርም፤ የላም በረት የሚልም የለም።
ቸርችልን ሽቅብ ሲወጣ ስለሚያመው ጉልበቱ ያወራል፣
ስሙ በዝናብ ስለተፋቀ ፖስታ፣ ስላላንኳኳው በር፤
ሰዉ መሳቁን ሲያቆም፣ ያኔ ነው የሚጀምር።

ባዶ ወረቀት ሻማ ላይ ያንዣብባል፤
ቡናማ ፊደል ከወረቀቱ ቆዳ እንደ ላብ ይወጣል።
የሎሚ ጭማቂ ነው። ረቡዕ ማታ የጻፍኩት እኔ፣
በክብሪት እንጨት፣ ከአልጋዬ ጫፍ፣
በእንቅልፍ እየተከደነ ዓይኔ።
ብርጭቆ ተደፍቶበት የታፈነው ቃጭል ሲያቃጭልም
ክሩ ከአውራ ጣቴ ነው። ሌላ ምስጢር የለውም።

ዘዴያችን ይኸው ነው፣ ከአንድ ሎሚ የማይበልጥ ነገር፤
ሎሚ ደግሞ ሰው አያስለቅስም፤ ለዚያስ ሽንኩርት ይሻል ነበር።
የሚያስለቅሰው ያ እግር ነው፣ ጣውላውን እየላገ ሲመጣ፣
«ይቅርታ፣ ዘገየሁ» የሚለው፣ ማንንም ሳይቆጣ።

በግንቦት አንድ ሐሙስ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት ቆመች፤
«አምሳለ እባላለሁ» አለች፤
ከመሐረብ ቋጠሮ ቁልፍ አወጣች።
የወንድሟ ሣጥን ነው፣ ዋናው ፖስታ ቤት፣ ስድስት መቶ አሥራ ሦስት።
«ኪራዩን በየዓመቱ እከፍላለሁ።
ባሻ፣ ከእሱ የመጣ የለም?»

ሰዉ የኛ ሰው መሰለችው፤ አንዱ አጨበጨበ።
እኔ ብቻ አውቃለሁ፤
ለዚች ሴት በሎሚ የተጻፈ የለም።

ልሳኑ ቢሆን ካፖርቱን አውልቆ «ይቅርታ እትዬ፣ ጨዋታ ነው» ባለ።
ባሻ ግን ወረቀቱን ወደ ሻማው አስጠጋ፣ መለሰው፣
ረጅም ዝም አለ።
«አለ» አላት። «ግን ላኪው ገና አልጨረሰው፤
ሰላምታው ላይ ቆሞ ብዕሩን ነክሶ ነው ያለው።»
ባዶውን አጥፎ ሰጣት።
የዚያን ሌሊት መዝጊያውንም ለወጠ፦ «ተረቴን አትመልሱ፤
ይዛችሁት ሂዱ፣ አፌንም በምንም አታብሱ።»

በሳምንቱ መጣች።
ሞልቶ ነበር ወረቀቱ፣ በእሷ እጅ፣ ከግርጌ እስከ ራሱ።
«መጠበቅ ሰለቸኝ። እርስዎ መቼም አያጡትም፤ ያድርሱ።»

ዓርብ ጠዋት ተከተልኩት።
ካፖርቱ ሚስማር ላይ ነበር፤ እኔው ነኝ የሰቀልኩት።
ከቴዎድሮስ አደባባይ ቁልቁል፣ በቆጣሪ አንባቢ ሰማያዊ ልብስ፣
ወያላዎቹ «ለገሀር!» እያሉ፣
ፖስታ ቤቱ እስኪደርስ።
ቴምብር ገዛ። ላሰው። የላኪውን ቦታ ባዶ ተወው።
ቁጥሩን ብቻ ጽፎ ከሣጥኑ አፍ ጨመረው።
የስድስት መቶ አሥራ ሦስት ቁልፍ በማን መሐረብ እንደታሰረ
እሱ ያውቃል። እኔም አውቃለሁ።

ከዚያ ሽቅብ ዞረ፤ የሚያነባቸው ቆጣሪዎች ነበሩት።
ዓምድ ተጠግቼ ቆሜ ከኋላው አየሁት፦
ግራ እግሩ አስፋልቱን እየላገ ይሄዳል።

አውራ ጣቴን አየሁ።
ክር አልነበረበትም።