ሣሩን የሚያይ

ደብረ ብርሃን ሜዳ ውርጩ ያደረበት፣
ሣሩ ብርጭቆ ነው ጫማ ሲያርፍበት።
ጋሽ ወንድአፍራሽ ገና በሌሊት ተነሥቶ፣
የጓጉንቸሩን ብርድ በትንፋሹ ፈትቶ፣
ማጨጃዋን ገለጣት እንደታመመ ልጅ፣
ስንጥቁ ሁሉ ዘይት በጠጣ እጅ።
ብርድ ልብሷ ፋብሪካ ሲሸመን ጠርዙ ዞረ፣
ለሰው አልሸጥ ሲል ለሞተር ተዳረ።

ገመዱን ሳበው፤ ዝም።
ደግሞ ሳበው፤ ሳለች።
በሦስተኛው ጭስ ተፍታ «መጣሁ» ያለች መሰለች።
ውርጩ እስኪለቅ ጠብቆ ከዳር ዳር አስኬዳት፣
የሣር ሽታ ከቤንዚን ጋር ተቃቅፎ ተከተላት።

ኖራ ማስመሪያዋ ግን አንድ ጎማዋ ያነክሳል፣
ፍጹም ቅጣት ምቱ ጋ መስመሩ ይጎብጣል።
አምና እንግዳው ዳኛ «ይኼ መስመር ነው ወይ?» ብሎ ቢያላግጥበት፣
«ትልምም ይጎብጣል፤ አንተ ፍርድህን ቀጥ አርገህ ሂድበት።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሕዝቡ ኳስ ያያል፣
እሱ ታኬታ የነቀለውን ሣር በዓይኑ ይለቅማል።
ማታ ሚስቱ ብርዛፍ «ማን አሸነፈ?» ብትለው፣
«በግራው ጎል በኩል ሣሩ ተልጧል» ነው ያለው።