የተረጎምኩት ቃል

ሁለት ምላስ አለኝ፤ አንዱ የእናቴ ነው፣
አንዱን ከጨው ጋራ አባቴ የጫነው።
ከለሚ ተነስቼ ጀማን ስሻገር
በአንዱ ተሰናብቼ በአንዱ ስነጋገር፣
‘ስንት ነው?’ ‘ቀንስልኝ’ ‘አይሆንም’ ‘እንኪ ጨው’፣
ከዚህ ያለፈ ቃል አፌም አልቀመሰው።

በስልሳ አንድ ዓመት፣ ጥር ሲጋመስ ገና፣
ጠሩኝ ከገበያ ለደም ሽምግልና።
የደግፌ ወንድም ወንዙ ዳር ወድቆ፣
የጉደታ ዘመድ ገደል ተደብቆ፣
ሁለቱም ቤት መሮት፣ ሁለቱም ተሳቆ።
እነዚህ ‘ካሳ’ አሉ፣ እነዚያ ‘ጉማ’ አሉ፤
እሱስ አልቸገረኝ፣ አንድ ነው አካሉ።
ከብት ተቆጠረ። አልበቃም ተባለ።
‘ልጅ ትጨመርበት’ የሚል ሽማግሌ አለ።
ማን እንደሆነ ግን ዛሬ ብትጠይቁኝ
በሁለቱም ቋንቋ ‘እኔ አይደለሁም’ ነው የሚሉኝ።

ጋዲሴን አመጧት፣ የሰው ነጠላ አልብሰው፤
ቁርጭምጭሚቷ ላይ የጀማ ደለል አለ፣ ማንም ሳያብሰው።
ይፍሩ ከዚያ ማዶ፣ በታጠበ ጋቢ፣
አውራ ጣቱን ያያል እንደ ደብዳቤ አንባቢ።
‘ፈቅዳለች ወይ? በላት’ አሉኝ የልጁ ወገኖች።
ጠየቅኋት።
ቀና አለች። ያየችው እኔን ነው።
‘ሂን ፌዱ።’

ሁለት ቃል ናት። ገበያ ውስጥ ብትሆን
ጨው አልፈልግም እንደማለት ነው። በቃ።

የለሚ ሽማግሎች ሰምተዋል። አንዱ ሳለ።
አንዱ ከዘራውን አሸዋ ላይ ተከለ።
ጉደታ፣ አባቷ፣ ዞሮ በቅሎውን ዳበሰ፤
የልጁ ወገን ግን አፌን ይጠብቃል፣ ዐይኑን ወደኔ መለሰ።
ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ሁለት ምላስ የሆንኩ፤
‘አፍራ ነው እንጂ ፈቅዳለች’ ብዬ ተረጎምኩ።

እልልታው ከገደል ገደል ተጋጨ፤ ደም ደረቀ።
የአፌን አሥር ብር ተቀበልኩ፤ ነገሩ አለቀ።
በቅሎ ላይ አውጥተው ወንዙን ሲያሻግሯት
ኋላዋን አላየች፤ እኔ ነኝ ያየሁላት።

ይፍሩ ክፉ አልነበረም፤ አይሳደብ፣ አይቆጣ፤
ከቋንቋዋ ግን የለመደው
ላም መጥሪያዋን ብቻ ነው፣ ማታ ማታ፣ ከብት ሲመጣ።
እሷም አማርኛ ለመደች፤ የመርሐቤቴ ሰው
‘አሽሙር ከሷ ይማሩ’ እስኪል፣ በነገር እስክትመልሰው።

አርባ ዓመት። ባለፈው ቅዳሜ፣ ዓለም ከተማ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስንጠብቅ፣
ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ፣ ዱቄት ቅንድቧን አንጥቶት፣ ሳትስቅ፣
‘አንተ’ አለችኝ፣ ‘ያ ቃል ጠፋብኝ መሰለኝ፤
ሂን ፌዱ በአማርኛ ምን ነበር የሚባለው? እስኪ ንገረኝ።’

ሁለት ምላስ አለኝ። ሁለቱም ደረቁ።
ወፍጮው ተነሳና ጮኸ፤ የቆርቆሮው ግድግዳ ተንቀጠቀጠ።
ተመስገን አልኩ በልቤ።
ዝርዝሬን ቆጠርኩ። ደግሜ ቆጠርኩ።

እሷ ግን ጆንያዋ ላይ፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣
ወፍጮው እስኪቆም ጠበቀች።