ኮከቡን አደብዝዢ

አባቴ ሲያስረዳኝ የሰማዩን ነገር፣
በመጋዝ ቤቱ ጣራ፣ በኦራቫ አገር፣
በረዶው ሲያቃስት ከእግራችን ሥር፣
እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ በብርድ ስንገፈገፍ፣ ደቂቃ ስቆጥር፣

«ደብዛዛውን ነገር ለመለካት ካሻሽ፣
ብሩሁን አደብዝዢ፣ ኦቲሊያ፤ ያኔ ነው 'ሚገባሽ።»

የመነጽሩን ቀለበት ወደ ግራ አዞረው።
መርፌ የነበረው ኮከብ አበጠ፣ ለዘበ፤
የወተት ጠብታ ሆኖ ጨለማው ላይ ረበበ።
«ይህን በልብሽ ያዢ፤ አሁን ደግሞ ያንን»
ብሎ መልሶ አጠራው። ከሸርጣን አልፎ፣
በአሰድ መንጋጋ ሥር፣
የትንፋሽ እድፍ የመሰለ ነገር።

በአናጺ እርሳስ ጻፈ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ የጭጋጉ ስፋት፣
የብርሃኑ መጠን ስምንት ነጥብ ሁለት።
ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብርሃኑ ይበልጣል፤
የሰማይ ሒሳብ እንዲህ ነው፤ እንደ ትሕትና ይሠራል።

ስድስት ዓመት ከሰባት ወር፤ ዙሩ ይህ ነበረ።
ጁፒተር ደጅ ላይ በብርድ እያደረ፣
ሲጠጋ ለፀሐይ ቆዳው እየተላጠ፣
ከገዛ ገላው ቆርሶ ለጅራት እየሰጠ።
ሲሄድም ጀርባ አያሳይ፤ ጅራቱን አስቀድሞ
ኋሊት ነው የሚወጣ፣
ከንጉሥ ችሎት እጅ ነስቶ እንደወጣ።

በሁለተኛው ዙር ልጃገረድ ነበርሁ።
በሦስተኛው፣ ፖስታ ቤት ማኅተም እመታለሁ።
በአራተኛው ደመና። አሥራ አንድ ሌሊት ደመና።
አባቴ መዝገቡ ላይ አንድ ቃል ጻፈና
ዘጋው፦ «አለ።»

በአምስተኛው አረፈደ። ከተሰላው ሥፍራ
የጨረቃን ግማሽ ያህል ርቆ ተገኘ፣ በስተግራ።
«የገዛ ትንፋሹ ነው» አለ አባቴ፤ «እንፋሎቱ ገፍቶት»
ብሎ ሊስቅ ሲል ሳል ቀደመው፤
የሠላሳ ዓመት የመጋዝ ብናኝ ደረቱ ውስጥ ተኝቶበት።

በስድስተኛው ዙር ተረቱን ለሁለት ተካፈሉት፦
ለጅራታሙ «ዞሮ ዞሮ ከቤት»፣
ለአባቴ የቀረው ግማሹ፣ «ኖሮ ኖሮ ከመሬት»።

ቆይቶ፣ ከሰባተኛው በኋላ፣ ማንም ሳያየው
ጁፒተር የምህዋሩን ክር ስቦ ለቀቀው።
በድሮ የቴሌግራም ቅጽ ጀርባ ሳሰላ አነጋሁ፦
ርቆ ይዞራል፤ ይደበዝዛል፤
ዙሩ ዘጠኝ ዓመት ሆኗል።
ሦስቴ ደገምሁት። ሒሳብ አያፍርም፤
ሦስቴም ያው ነው፣ አንድ ቀን አልቀነሰልኝም።

አሁን ስልሳ ስምንት ነኝ። ዓይኔን ሞራ ጋርዶታል።
ቀለበት ሳላዞር ኮከብ ሁሉ ይደበዝዝልኛል፤
ሰማይ ሙሉ ጅራታም! አባዬ፣ ትምህርትህ በዛብኝ፤
ብሩሁም ደብዛዛውም እኩል ሆነብኝ።

የሾፌሩን የቦጉሚልን ልጅ፣ ራድኮን፣ ለመንሁ፤
አሥር ዓመቱ ነው፤ ዓይን ተበደርሁ።
ቴሌስኮፑን አነጣጠርን፣ ከገውዝ እግር በላይ።
«ምን ይታይሃል?» «ምንም።» «ቆይ።»
«ምንም የለም እኮ!»
«ፊት ለፊት አትየው፤ ከጎኑ፣ ከጎኑ እይ።»
ዝም አለ። ውሻ ጮኸ ከወንዙ ማዶ።
ዝም አለ። ከጥዱ ላይ ተናደ በረዶ።
«አንድ ነገር አለ... መስኮት ላይ ተንፍሰሽ፣
ልክ ሊጠፋ ሲል ያለው።»

እጁን ይዤ ቀለበቱ ላይ አኖርሁት።
«አሁን ኮከቡን አደብዝዝ» አልሁት።
አሥራ አንድ ነጥብ አራት ብሎ ጻፈ፣ አራቱን ገልብጦ።
አላረምሁትም።

ሲመለስ ስንት ዓመት እንደሚሆነው በጣቱ ቆጠረ፤
ጣት አለቀበት፣ ከእኔ ጣት ተበደረ።
«አሥራ ዘጠኝ!» አለ። ቀጥሎ የእኔን ሊቆጥር ሲል
«ሾርባው ቀዘቀዘ» አልሁት።

እሱ ቀድሞ መሰላሉን ወረደ።
እኔ ክዳኑን ስገጥም አንዴ ቀና አልሁ፦
ሁሉም ጭጋግ ነው፤
አንዱ እሱ ነው።