ለጀርባ እጄ

ቀዩስ ደህና ነው፤ በፊት እጄ አልታማም፣
ጥቁሩ ነው ያረጀው፤ ኳስ ቢያርፍበት አይሰማም።
በእጄ ጀርባ ስመልስ ወይ መረብ ይበላብኛል፣
ወይ ከጠረጴዛው ያልፍና ግድግዳ ስር ያስለቅመኛል።

ምኒችል ሁለት ላስቲክ ዘረጋ፣ ግሽ ዓባይ ካለው ሱቁ፣
ዋጋቸው አንድ ሆኖ በሆዳቸው የሚራራቁ፤
አንደኛው ደረቅ፣ ጥይት፤ «የሻምፒዮን ነው» ይላል፣
ሌላው ገር፤ አውራ ጣት ሲጫነው ጎድጎድ ይላል።

ልቤ ወደ ጥይቱ ሄደ፤ መቼም ልብ አያፍርም፣
አሰልጣኝ ባዘዘው ግን፣ «ፈጣን ላስቲክ ስህተት አያርም፣
ፈጥኖ ያደርስልሃል እንጂ» ብሎ ሳቀብኝ፤
ያጠራቀምኩት የሦስት ወር ብር ኪሴ ውስጥ ከበደብኝ።

አባቴ ታንኳ ሠሪ ነው፤ ደንገል ሲመርጥ አይቸኩልም፣
ጣቱ ሳይመሰክርለት ዓይኑን ብቻ አይቀበልም።
«ተጭነህ ልቀቀው፤ ተመልሶ ከመጣ ይሸከምሃል፣
ጎድጉዶ ከቀረ፣ ልጄ፣ መሀል ሐይቅ ላይ ይተውሃል።»

ገሩን ተጫንኩት። ለቀቅኩት።
መጣ።

ማታ ወጣት ማዕከል፣ መስታወት በሌለው መስኮት ስር፣
የጣና ነፋስ ኳሷን ሲጎትታት ወዲያ ዳር፣
ሙጫው ገና እየሸተተኝ የይበልጣልን ስፒን ጠበቅሁ፤
እጄን አልወረወርኩም፤ ራኬቴን እንደ በር ገርበብ አደረግሁ።

የመጀመሪያዋ መረብ ላይ ቀረች።
ሁለተኛዋም።
ሦስተኛዋ ግን ድምፅዋ ሌላ ነበር፣ ዝግ ያለ፣
ታንኳ ዳር ሲደርስ አፍንጫው ጭቃ እንደሚስም ያለ።

ይበልጣል ኳሷን ትቶ መጣ፤ ራኬቴን ገልብጦ አየው።
«የቱን ገዛህ?» አለኝ።

አልነገርኩትም።