ቀሪ

ሚስስ ዊብ በመስከረም ደወሉን ነቀለች፤
«ከእንግዲህ ስልካችሁ ይጠራችኋል» አለች።
የክፍሉን መዝገብ፣ ያንን ጥቁር ደብተር፣
ልጥለው ሰጠችኝ ከነአቧራው ጭምር።
እኔ የጽዳት ሰው፣ ቁልፍ ተሸካሚ፣
ትእዛዝ አክባሪ እንጂ አይደለሁ ተቃዋሚ።
ግን ከማሞቂያው ጀርባ ጥግ ይዤ ገፋሁት፤
ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አተረፍኩት።

ዘጠኝ መቶ ታብሌት ገብቶ ተቆጠረ፤
ጠመኔ ዝም አለ፣ መስታወት ተናገረ፤
የሒሳቡ መምህር፣ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣
ጣቱ በመስታወት መዳህ ጀመረ።

ሲስተሙ አይቆጣም፣ ሲስተሙ አይረሳም፤
«ለምን ቀረህ» ብሎ ጥያቄ አያነሳም።
«ማሪቴስ ባውቲስታ፦ ቀሪ» አለ ሰኞ፤
«ቀሪ» አለ ማክሰኞ፤
እናት ከሌሊት ፈረቃ ገብታ ስትተኛ
ትራሷ ሥር ነዘረ ያ መልእክተኛ።

እኔ ግን አውቃለሁ።

የሳስካቱን ጥር ትንፋሽን ያስራል፤
ምራቅ መሬት ሳይነካ ድንጋይ ይሆናል።
ከጂምናዚየሙ ጀርባ፣ ጓንቷን በጥርሷ ይዛ፣ በአንድ ጣት ስትጽፍ
አያታለሁ ማታ ቆሻሻ ሳሳልፍ።
ቤታቸው መስመር የለም፤ ከግንቡ አልፎ የሚፈሰውን
በታብሌቷ ትቀዳለች የቤት ሥራውን።
ሌሊቱን ታመሻለች፣ ጠዋት ይጥላታል።

ሲስተሙ አልዋሸም፤ በርግጥም ናት ቀሪ፦
ሁሉ ቤቱ ሲገባ ከደጃችን አዳሪ።

በሩን አልከፈትኩላትም። በሩም ሲስተም ሆኗል፤
ከሦስት ሰዓት በኋላ ማን እንደነካው ያውቃል።
ፈራሁ። ሻይ አወጣሁላት። ያ ብቻ ነው።

አንድ ሐሙስ ሚስስ ዊብ ቁጥሮቹን ስታነብ
አንድ ታብሌት አየች፣ ሌሊት የማይራብ፣ የማይጠግብ።
«ሌባ ይሆናል» አለ የመስመሩ ባለሙያ፣
«ማታ ማታ እንዝጋው፤ አያስፈልግም ወዲያ።»
«ቆይ» አለች። ካፖርቷን ከመስቀያው ሳበች፤
ርእሰ መምህሯ፣ ራሷ፣ በእግሯ መጣች።

ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም በመስኮት።
ያየሁት ይህን ነው፦ ልጅቷ ስታስረዳ፣
ያቺ ራስ ጎንበስ ብላ በዚያ በረዶ ሜዳ።

ከሰኞ ጀምሮ የቤተ መጻሕፍቱ
እስከ አራት ሰዓት አይጠፋም መብራቱ።
ሚስስ ዊብ ከጥግ በጀት ስትደምር፣
ማሪቴስ ታዛጋለች፤ ሌሎች ሰባት መጡ፣ ስማቸው ሳይጠቀስ፣ ሳይነገር።
ደወሉ አልተመለሰም። ጠዋት አሁንም አንዳንዴ ትቀራለች።

ለማታ ለሚመጣ ሲስተሙ ሳጥን የለውም።
«ያን ጥቁር መዝገብ ጣልከው?» ብላ ጠየቀችኝ፤
ፊቴን አይታ ሳቀች፣ መልሱን አላስጨረሰችኝ።

ከማሞቂያው ጀርባ ሳወጣው
አቧራ ጠጥቷል፤
ግን ሞቋል።